የአይጥ መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት

ቡሬ ገበያ አንድ ገበሬ ወደ ሱቅ ጎራ ብሎ «መድኃኒት አለ?» ቢል ባለሱቁ «የምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የአይጥ ሊሆን ይችላል። የበርበሬ ትል፣ የስንዴ አረም፣ የበግ ወስፋት፣ የልጅ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም መድኃኒት ይባላል። አይጧ ብትጠየቅ ስሙን ባልተቀበለችው ነበር፤ ስም አውጪው ግን ሰው ነው። እሷን የጨረሰው ነገር ጎተራውን አትርፏልና መድኃኒት ሆነ።

ቃሉ ከዚህም የባሰ ጠባይ አለው። «እገሌን መድኃኒት አበሉት» ሲባል ታከመ ማለት አይደለም፤ ጉድ ተሠራ ማለት ነው። በጎጃም ገጠር «መድኃኒት አዋቂ» የሚባለው ሰው ሲታመሙ ይለመናል፣ ሲጣሉት ይፈራል፤ የሚለመነውም የሚፈራውም በዚያው በአንዱ ሙያው ነው። ከዚሁ ሥር የበቀለ ሌላ ስም ደግሞ አለ፤ በየደብሩ ጫማ ወልቆ የሚጠራ፣ መድኃኔ ዓለም የሚል። ግሪኮችም ፋርማኮን የሚሉት እንዲህ ያለ ባለሁለት ፊት ቃል ነበራቸው፤ ፈላስፎች ብዙ ቀለም አፍስሰውበታል። ቡሬ ላይ ግን ነገሩ የፈላስፋ ሳይሆን የባለሱቅ ነው። «የምን?» ብሎ ካልጠየቀ ሰው ይገድላል።

ይህን «የምን?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወደ እንስሳት መርዝ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ሩቅ አይደለም። አንድ ቤት ይታሰብ፤ በቡሬ ዙሪያ ብርቅ ያልሆነ ዓይነት ቤት። አባትየው ስድሳውን አልፈዋል። ጤና ጣቢያ ለወገብ ሕመም ሄደው ክንዳቸው ሲለካ ግፊት እንዳለባቸው ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ከጸሎት መልስ፣ ትራስጌ ከተንጠለጠለች ፌስታል አንዲት ትንሽ ኪኒን ያወጣሉ፤ በውኃ ያወራርዷታል። ኢናላፕሪል ትባላለች። በአገሪቱ ለደም ግፊት በብዛት ከሚታዘዙት ኪኒኖች አንዷ ናት። አባትየው ስሟን አያነሱም፤ «ትንሿ» ይሏታል። ኪኒኗን ከሚገዙበት መድኃኒት ቤት ታፔላ ላይ ዋንጫ ላይ የተጠመጠመ እባብ ተሥሏል። በየወሩ በሥሩ ያልፋሉ። እባብ ከኪኒኗ ጋር ምን ዝምድና እንዳለው የነገራቸው ሰው የለም፣ ቢነገራቸውም ሳይማትቡ አይውጧትም ነበር።

ዝምድናው ግን እውነተኛ ነው። በብራዚል ጃራራካ የሚባል እፉኝት አለ። ሲነድፍ ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱ የተነደፈውን ፍጡር ደም ግፊት ቁልቁል መጣል ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሞሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫና ሁለት ባልደረቦቹ የዚህን እባብ መርዝ ከደም ጋር ሲያገናኙት፣ ደሙ ራሱ ቀድሞ ያልታወቀ ንጥረ ነገር እንደሚለቅ አዩ፤ የደም ሥርን የሚያሰፋ ንጥረ ነገር። ብራዲካይኒን ብለው ሰየሙት። ልብ ማለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ግፊቱን የሚጥለው ነገር ከእባቡ ጥርስ ብቻ የወጣ አይደለም፤ በተነደፈው ገላ ውስጥ የነበረ ነው። እባቡ የሰውን ገንዘብ ከሰው ኪስ አውጥቶ በሰውየው ላይ ያዋለ ሌባ ይመስላል።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1965፣ የሮሻ ኢ ሲልቫ ደቀ መዝሙር ሴርጂዮ ፌሬራ ሌላ ነገር አገኘ። በዚያው መርዝ ውስጥ ብራዲካይኒን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚከላከል ነገር አለ። እባቡ ሌባ ብቻ ሳይሆን በሩን ከውጭ የሚቀረቅርም ኖሯል። ፌሬራ የመርዙን ንጥር ይዞ ለንደን ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ገባ። እዚያ እንደተረዱት ብራዲካይኒንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ በሌላ እጁ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር የሚያመርት ነው። ያን ኢንዛይም የያዘ ግፊትን ያዘ ማለት ነው። አሜሪካ ስኩዊብ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ዴቪድ ኩሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ ሐሳቡን ተቀብለው ካፕቶፕሪልን ሠሩ፤ በ1981 ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል ታናሽ ወንድሙ ነው፤ በ1985 ተከተለ።

ከእባቡ ጥርስ እስከ ኪኒኑ ድረስ ያለው እርምጃ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም። የእባቡ ንጥር የፕሮቲን ቁራጭ ስለሆነ ሲዋጥ ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ስለዚህ በመርፌ ብቻ ነበር የሚሰጠው። የቡሬ አባወራ ግን ዕድሜ ልኩን በየማለዳው መርፌ አይወጋም። መንገዱ ከክንድ ወደ አፍ መቀየር ነበረበት።

ጎጃሜ ይህን የመንገድ ነገር በሌላ በኩል ያውቀዋል፤ በብርብራ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተፈልፍሎ፣ ደርቆ፣ ይወቀጣል። ዱቄቱ ወንዙ ረጋ ባለበት ላይ ሲበተን መጀመሪያ ውኃው ላይ ነጣ ያለ አቧራ ተኝቶ ይታያል፤ ከዚያ ትናንሾቹ ዓሦች ወደ ላይ እየመጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ በጎናቸው ይዋኛሉ፣ በመጨረሻ ነጭ ሆዳቸውን ለፀሐይ ገልብጠው ይንሳፈፋሉ። ሰው ለቅሞ ይጠብሳል፣ ይበላል። በላተኛው አይወድቅም። በብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን በዓሣ ስንጥብ አድርጎ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል፤ በሰው ሆድ በኩል ግን እምብዛም አያልፍም፣ እሳትም ያደክመዋል። (ልማዱ የዓሣ ዘር የሚፈጅ መሆኑ ሌላ ነገር ነው፤ ጣና ዳር ሲያወዛግብ ኖሯል።) አንድ ዱቄት ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው ወጥ ሆነ። ለውጡን ያመጣው የገባበት በር ነው።

መርዝን መርዝ የሚያደርገው ልኩ ነው የሚለው አባባል ከፓራሴልሰስ ጀምሮ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ኮሶ የሚጠጣ ሕዝብ ይህን ከማንም መማር አላስፈለገውም። ኮሶው ሲያንስ ትሉ ይቀራል፣ ሲበዛ ጠጪው ይተኛል፤ ልኩን የምታውቀው እጇ የለመደ ሴት ናት። ግን ልክ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የፓራሴልሰስ አባባል ብዙ ስለተደገመ ሙሉ መሰለ እንጂ ግማሽ ነው። ብርብራ ስለ መንገድ ይናገራል። ኩሽማንና ኦንዴቲም ያደረጉት ልክ መቀነስ አልነበረም። የመርዙ ጫፍ ኢንዛይሙ ላይ እንዴት እንደሚገጥም አጥንተው፣ ያችን የምትገጥመውን ቅርጽ ብቻ በትንሽ ሞለኪውል ቀረጹ፤ ሆድ የማይፈጨው ትንሽ። በአባትየው ኪኒን ውስጥ የእባብ ጠብታ የለም። ያለው የእባቡ ዘዴ ነው።

ዘዴው ግን ሙሉ በሙሉ አልተገራም። ይህን ዓይነት ኪኒን ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዱን ደረቅ ሳል ይይዘዋል። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮን የሚኮረኩር፣ ቅዳሴ ላይ ሰው የሚያስዞር ሳል። ምክንያቱ ብራዲካይኒን ሳይፈርስ መከማቸቱ ነው ይላሉ ሐኪሞች፤ ያው ሮሻ ኢ ሲልቫ በእባብ መርዝ ያስወጣው ንጥረ ነገር ማለት ነው። ሐኪሙ ከሰማ ኪኒኑን በሌላ ይቀይራል። ካልሰማ አባትየው ብርድ ነው ብለው ዝንጅብል ያፈላሉ፤ እፉኝቱ እየሳቀ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጃራራካ ቡሬን አያውቃትም። የሰው ልጅም ምግቡ አይደለም፤ ካደገ በኋላ በአብዛኛው የሚያድነው አይጥና የአይጥ ዘመዶችን ነው። መርዙ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የተሞረደው በአይጥ ደም ላይ ነው። እያንዳንዱ የመርዙ ቅንጣት የአንድ ጓጉንቸር ቁልፍ ነው፤ ጓጉንቸሩም የአይጥ። የሰው ልብ፣ የሰው ደም ሥር፣ የሰው ኢንዛይም ከአይጥ ብዙም ስለማይርቅ ቁልፉ ለእኛም ከፈተ። ስለዚህ ባለሱቁ «የምን?» ሲል፣ የአባትየው ፌስታል ውስጥ ያለችው ትንሿ ኪኒን በትውልድ ሐረጓ ምን ናት? የአይጥ መድኃኒት ናት። ያውም ሰው ካበጀው ሁሉ የቀደመ።

ይህን ዝምድና መቀበል ለሰው ይከብዳል። ሰው ራሱን ከአይጥ ጋር በአንድ ጓጉንቸር ተቆልፎ ማግኘት አይወድም። ግን ቡሬ ጓሮ ውስጥ ተቃራኒውም ይታያል። በርበሬ ተለቅሞ በየደጁ ሲሰጣ መሬቱ ይቀላል፤ የሚያገላብጡት ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ያስነጥሳሉ። ዶሮዋ ግን መሐሉ ገብታ ፍሬውን እየለቀመች ትውጣለች። አታስነጥስ፣ ዓይኗ አያለቅስ። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚከፍተው ጓጉንቸር አጥቢ እንስሳት ላይ ያለ ነው፤ የወፍ ዘር ጓጉንቸር ቅርጹ ስለሚለይ ቁልፉ አይዞርለትም። ያ ጓጉንቸር እውነተኛ እሳት ሲነካን የሚከፈት፣ «ተቃጠልክ» ብሎ የሚጮኽ ዘበኛ ነው። በርበሬ ያለ እሳት ያስጮኸዋል። ዴቪድ ጁሊየስ በ1997 ዘበኛውን ለይቶ አገኘው፤ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራበት። በመካከሉ፣ በ2006፣ የጁሊየስ ቤተ ሙከራ አንድ የካሪቢያን ትልቅ ሸረሪት በመርዙ ውስጥ ይህንኑ ዘበኛ የሚያስጮኹ ፕሮቲኖች እንዳሉት አሳየ። ሸረሪቱ የነደፈውን የሚያቃጥለው እንደ በርበሬ ነው ማለት ነው። ተክሉና ሸረሪቱ ሳይተዋወቁ አንድ ቁልፍ ቀረጹ። ካፕሳይሲን ዛሬ በቅባትና በተለጣፊ መልክ ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል፤ ዘበኛው ደጋግሞ ሲጮህ ይደክመውና ዝም ይላልና። ልክ አለ፣ መንገድ አለ፤ ዶሮዋ ደግሞ ሦስተኛውን ትናገራለች፤ ለማን የሚለውን።

ሌሎቹ ታሪኮች በአጭሩ ይነገሩ። ቅርፊቱን እያፋተገ እንደ መጋዝ ድምፅ ከሚያሰማው ትንሽ እፉኝት መርዝ ቲሮፊባን የተባለ፣ የልብ ደም ሥር ሲዘጋ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተቀድቷል፤ በ1998 ተፈቀደ። ፊሊፒንሳዊው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ካጠናው የባሕር ቀንድ አውጣ መርዝ የወጣው ዚኮኖታይድ በ2004 ተፈቅዶ ሞርፊን ላቃተው ሕመም በጀርባ አከርካሪ በኩል ይሰጣል። በአሪዞና በረሃ ከሚኖር መርዛማ እንሽላሊት ምራቅ ጆን ኢንግ ያገኘው ንጥር በ2005 የስኳር ሕመም መድኃኒት ሆነ፤ ዛሬ ክብደት ለመቀነስ ዓለም የሚጋፋባቸው መርፌዎች ቤተሰብ በር ከከፈቱት አንዱ ነው።

ንብ ግን በአጭሩ አትታለፍም፤ በምዕራብ ጎጃም በተለይ። ማር ቆረጣ ሲደርስ አናቢው በጨለማ፣ ኩበት እያጨሰ ወደ ቀፎው ይጠጋል። አንዷ ትነድፈዋለች። መውጊያዋ ቆዳው ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ እሷ አንጀቷ ተጎልጉሎ ትሄዳለች፣ ትሞታለች። የቀረው መውጊያ ግን አልሞተም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ከረጢት ባለቤቷ ከሄደች በኋላም እየተኮማተረች መርዝ ትገፋለች። ባሕር ማዶ የተማረም ያልተማረም አናቢ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ሳይዘገይ በጥፍሩ ፍቆ ይጥለዋል። አፍንጫውን ቢያስጠጋ ሙዝ ሙዝ ይሸተዋል። ያ ሽታ ለሌሎቹ ንቦች «እዚህ ጋ ውጉ» የሚል ጥሪ ነው። አንድ ንብ የምታስገባው መርዝ የሚሊግራም ሩብ እንኳ አይሞላም።

የደረቀው የንብ መርዝ ግማሹ ገደማ ሜሊቲን የሚባል፣ ሃያ ስድስት አሚኖ አሲድ የተያያዘበት ሰንሰለት ነው። ሥራው የሕዋስን ግድግዳ መብሳት ነው። በ2020 አውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ውስጥ ሲያራ ደፊና ባልደረቦቿ ሜሊቲን አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ሲገድል አሳዩ፤ በአይጥም ላይ ሞከሩት። ዜናው በዓለም ዞረ። ግን ግድግዳ የሚበሳ ነገር የጤነኛውንም ሕዋስ ግድግዳ ይበሳል፤ ወደ ካንሰሩ ብቻ የሚመራ መንገድ ገና ሊበጅለት ይገባል። አይጥ ዳነ ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም፣ ምንም እንኳ ጓጉንቸራችን አንድ ቢሆን።

ንብ የነደፈው ሰው ቁርጥማት አይዘውም የሚለው ወሬ በብዙ አገር ይነገራል። ፊሊፕ ቴርች የተባለ የማሪቦር ሐኪም በ1888 ስለዚሁ ጽፏል። ወሬው እስከ ዛሬ ደንበኛ አላጣም፤ ሆን ብለው ንብ የሚያስነድፉ «ሕክምና ቤቶች» በየዓለሙ አሉ። በ2005 የኔዘርላንድ ሐኪሞች መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸው ሃያ ስድስት ሕሙማን ላይ ነገሩን በሥርዓት ሲፈትኑ ጥቅም አላዩበትም። በ2018 ደግሞ ከስፔን የወጣ የሕክምና ጽሑፍ፣ ለሕክምና ሲባል በየጊዜው ትነደፍ የነበረች የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት በድንገት ሰውነቷ ተቆጥቶ መሞቷን ዘገበ። ወሬ ከልክም ከመንገድም ነፃ ነው፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የንብ መርዝ በርግጥ የሚያድንበት ቦታ ግን አለ፤ የሚያድነውም ከራሱ ከንብ ነው። ንድፊያ የሚጥለውን ሰው በጣም ጥቂት መርዝ እየሰጡ፣ ቀስ በቀስ እያሳደጉ፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ገላውን ማስለመድ ይቻላል። ለብዙ ዓመታት ለዚህ ይሰጥ የነበረው ሙሉዋ ንብ፣ ከክንፍ እስከ እግር፣ ተፈጭታ ነበር። በ1978 በጆንስ ሆፕኪንስ የተደረገ ጥናት የተፈጨችው ንብ ከባዶ ውኃ እንደማትሻል፣ ንጹሑ መርዝ ግን እንደሚጠብቅ አሳየ። ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች መርዙን ፈርተው ንቧን ሰጡ። መርዙን ራሱን መስጠት ነበር መድኃኒቱ።

የመርዝ ዘዴ የማን ነው የሚለው ጥያቄም አለ። ብራዚላውያን ስለ ካፕቶፕሪል ሲያወሩ ድምፃቸው ትንሽ ይሻክራል፤ እባቡም፣ መነሻው ግኝትም የእነሱ፣ ትርፉ የሌላ። ኢትዮጵያ በጤፍ ጉዳይ ተመሳሳይ ነገር ቀምሳለች፤ በጤፍ ዱቄት ላይ በኔዘርላንድ የተያዘው የፈጠራ መብት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው ገና እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገሪቱን የብዝሃ ሕይወት ሀብትና የማኅበረሰቡን ዕውቀት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል፣ ጥቅም መጋራትንም ይደነግጋል። ሕጉ እህልንና ዕፅን ብቻ ሳይሆን እባብንም ይሸፍናል። ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ፣ ነቀምትን አልፎ፣ በበደሌና በመቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የተገለጸ ትልቅ እፉኝት አለ፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። በደጋው ደን ውስጥ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ይኖራል። መርዙ ውስጥ ያሉት ቁልፎች የየትኛው በር እንደሆኑ ገና ተቆጥረው አላለቁም። ደኑ ሲመነጠር ቁልፎቹም አብረው ይሄዳሉ።

ወደ አባትየው ቤት መመለስ ያስፈልጋል፤ የልጃቸው ነገር አልተነሣምና። የቡሬ፣ የወንበርማ፣ የጃቢ ጠህናን ወጣት በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ቋራና አብደራፊ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል፤ ሌሊት እዚያው መሬት ላይ ይተኛል። ቆላው ውስጥ ያ ቅርፊቱን የሚያፋትግ ትንሽ እፉኝት ዘመዶች አሉት፤ የቲሮፊባን አባት ዘመዶች። ሲነድፉ ደም መርጋቱን ያቆማል። ድድ ይደማል፣ የቆየ ቁስል ይከፈታል፣ አንዳንዴም ራስ ውስጥ ይፈሳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአብደራፊ ለዓመታት ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክም የኖረው ለእነዚሁ የቀን ሠራተኞች ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ነገሩን ከተዘነጉ የቆላ በሽታዎች ተራ ያስገባው ግን ገና በ2017 ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት አሠራሩ የአርዌን ታሪክ ያስታውሳል። በአፈ ታሪካችን አገሩን የሚገዛው ዘንዶ የተገደለው መርዝ በተሸከመች ፍየል ነው፤ አጋቦስ ፍየሏን ሰጠው፣ ዘንዶው ዋጣት፣ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1894 ፈረንሳውያኑ ፊዛሊክስ፣ ቤርትራንና ካልሜት ተመሳሳዩን ገልብጠው ሠሩት። እንስሳው መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ገላው መከላከያ ያበጃል፤ ከደሙ የተጣራው ለተነደፈ ሰው ይሰጣል። ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በፈረስ ነው። ፈረስስ የአገው ፈረሰኞች በየጥር 23 እንጅባራ ላይ ጋማ አሸልመው የሚያሰልፉት ነው፤ ከቡሬ ብዙም አይርቅም። የጠፋው ፈረስ አይደለም። ፀረ መርዙ የሚገዛው አቅም የሌለው ሰው ነው፤ ስለዚህ ትርፍ የለውም። ሳኖፊ ለአፍሪካ እባቦች ይሠራው የነበረውን ፋቭ አፍሪክን በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ብልቃጥ በሰኔ 2016 ጊዜው አለፈበት። ለግፊት የሚታዘዘው የእባብ ዘዴ በዓለም ሁሉ፣ ሀብታሙም ድሃውም ዘንድ ገበያ አለውና ቡሬ ድረስ ደረሰ። ለእባብ ንድፊያ የሚሆነው የእባብ መድኃኒት ገበያው ሰሊጥ አጫጅ ነው።

አባትየው በቡሬ ትንሿን ኪኒን ውጠው ወደ ማሳ በወጡበት ማለዳ፣ ልጅየው ቆላ በጓደኞቹ ትከሻ ጤና ጣቢያ ይገባል። እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጧል። አንዱ ጓደኛው ጭኑ ላይ በነጠላ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል፤ ሌላው በምላጭ ሊበጣው ሲል ተከልክሏል፣ ደግ ተደረገ። ሲስተሯ ማሰሪያውን በጥንቃቄ ትፈታለች። ከክንዱ ጥቂት ደም ቀድታ ንጹሕ፣ ደረቅ የብርጭቆ ብልቃጥ ውስጥ ትጨምርና ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለች፤ እንዳይነካ ትላለች። ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ማሽን የለም፣ መብራት አያስፈልግም፤ ብልቃጥና ሰዓት ብቻ። ጤነኛ ደም በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይረጋል።

«ሲስተር፣ ረጋ?»

«ገና ነው። ዝም ብለህ ተኛ።»

ጓደኞቹ ደጅ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ማጭዳቸው አጠገባቸው ነው። አንዱ የቀኑ አበል እንደሚቆረጥ ያስባል፣ ግን አይናገርም። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ሲስተሯ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ቀስ ብላ ታዘነብላለች። ደሙ እንደ ውኃ በብርጭቆው ጎን ይወርዳል። ብልቃጧን ታስቀምጥና የፍሪጁን ቁልፍ ከጋውኗ ኪስ ታወጣለች።